በድረ ገጹ ላይ የቀረው የግራ እጅህ ስፌት

ለወንድሜ፤

ከምንም በፊት ስለ ጤናህ እጠይቅሃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚበረታብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አብሮህ አረጀ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹ አድገዋል? አማትህ ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ብርሃናቸው ተመለሰላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ለክፉ አልሰጠኝም። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይከራከረኛል እንጂ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኔም መነጽር ሳደርግ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ይህን ሁሉ ጥያቄ ባንዴ ማዥጎድጎዴ ሳያስገርምህ አይቀርም። ቢያስገርምህም፣ የጠየቅሁት መልሱን ፈልጌ ነው።

አድራሻህን የሰጠችኝ ልጄ ናት። ከባለቤትህ ጋር በስልክ እንደሚጠያየቁ የነገረችኝ ገና ዘንድሮ ነው። "አባዬ፣ ልደውልለትና አናግረው" ብትለኝ አይሆንም አልኳት። እኔና አንተ በስልክ ሦስት ቃል ሳንለዋወጥ እንደምንጣላ ታውቃለህ። ወረቀት ግን ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ስለዚህ ታገሠኝና እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ ብትቀደውም መብትህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። አንዲት ሴት ወደ ጫማ ሱቁ መጣች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፤ ግራ እግሯ ከቀኙ በአራት ሴንቲ ሜትር ያጥራል። የመግቢያውን ሦስት ደረጃዎች ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ከዚያ "አባቴ፣ ድረ ገጽዎ ታሟል፤ ያውቃሉ?" አለችኝ። እኔ የማውቀው የእግር ሕመም ብቻ ነው አልኳት። ሳቀች። የምትተዳደረው በዚሁ ሥራ ነው፤ የትንንሽ ንግድ ቤቶችን ድረ ገጽ ትመረምራለች፣ ጉድለቱን ነቅሳ ታቃናለች። እኔን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። ገጹ ላይ ባለው ስልክ ስትደውል ያነሳው የድሮ ቁጥሬ የደረሰው ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ስለ ጫማ ስትጠይቀው "እመቤቴ፣ ጎማሽን አምጪው እንጂ ጫማሽን አልነካም" አላት። አድራሻው "ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ" ይላል፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ከፈረሰ አራት ዓመቱ ነው፤ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የመኪና ጠባቂው ነው በጣቱ ያሳያት።

ድረ ገጹ ያው ልጄ የሠራችው ነው፤ አንተ ከመሄድህ አንድ ዓመት በፊት። መስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅላ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ ስታነሳ፣ ጥላችሁን አንሱልኝ እያለች እኔንም አንተንም እየገፋች ታስወጣን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እጅ የገባበት። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከሴትዮዋ ጋር ሥራ በሥራ ተስማማን፤ እኔ ጫማ ልሠራላት፣ እሷ ገጹን ልታቃና። ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ በጓዳው ክፍል ቆዳ በምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ዘርግታ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ እያንዳንዱን መስመር ድምፅ አውጥቼ ካላነበብኩ አንዲት ፊደል አትነኪም አልኳት። መጀመሪያ የተጣላነው በመጀመሪያው ገጽ ነው። ስለ ቆዳ አመጣጥ፣ አለፋፍና አመራረጥ የጻፍኳቸው ስምንት አንቀጾች ትዝ ይሉሃል? "ማን ነው የጻፈው?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። "ያምራል፤ ግን እግሩን ያመመው ሰው ስለ በሬ ቆዳ ተነግሮ እስኪያልቅ አይጠብቅዎትም" አለች። ቁጭ ብሎ ያንብብ አልኳት። "አባቴ፣ የሚያነበው እኮ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥሎ በስልኩ ነው" አለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከድሮ ጋዜጣ መጠቅለያ ላይ፣ ቆሜ ጫማ እየጠረግሁ መሆኑን ነገርኳት። "እንግዲያው የቆመ ሰው ድካም ይገባዎታል ማለት ነው" አለች። ስምንቱ አንቀጽ አንድ ሆነ። ሰባት ጥርሴን የተነቀልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ቡናማ ላይ በነጭ የተጻፈው ጽሑፍ አይነበብም ብላ ለወጠችው። ቅዳሜ ክፍት ነን የሚለውን አጠፋችው፤ ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ቅዳሜ አልከፍትም። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ቀጥሎ ግን "ደረጃው የት ነው የተጻፈው?" አለችኝ። የምን ደረጃ ብላት የመግቢያውን ማለቷ ነው። ደረጃ ምን ይጻፋል፣ ሲመጡ ያዩት የለም ወይ አልኩ። እሷም ዓይኔን እያየች፣ "ደንበኛዎ እግሩን የሚያመው ሰው ነው። መጥቶ ካየው በኋላ ማወቁ ምን ያደርግለታል?" አለች። ወንድሜ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለእግረ ሕሙማን ጫማ ስሠራ ያን ደረጃ በቀን አሥር ጊዜ እየወጣሁ እየወረድኩ አላየሁትም። በዚያው ሳምንት ብየዳ ሠራተኛውን ጠርቼ መደገፊያ ብረት አስደረግሁ፤ አናጢውም በጎን በኩል የእንጨት መወጣጫ ሠራ። አሁን ከአድራሻው ሥር የመጀመሪያው መስመር ይኸው ነው። አንተ ይህን ከሃያ ዓመት በፊት ነግረኸኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩልህ አስታውሳለሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

ከዚያ "መልእክት ይላኩልን" የሚለው ሣጥን ላይ ደረስን። ወዴት ነው የሚሄደው ብላ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም። ልጄ ድሮ የከፈተችው ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶባት ነበር፤ ስትፈልግ ውላ አገኘችው። ውስጡ ሃምሳ ሦስት ደብዳቤ ተከማችቶ ጠበቀን። ለአንዱም መልስ የጻፈ የለም። በሩን ዘግቼ ሁሉንም አነበብኩ። ከእነዚህ ውስጥ አሥራ አራቱ የሚጠይቁት አንተን ነው። ስምህን አያውቁም፤ ገጹ ላይ ከየት ያገኙታል? "በግራ እጁ የሚሰፋው ሰውዬ አለ ወይ" ይላል አንዱ። ሌላዋ "ታናሽየው፣ ያ እያሳቀ የሚለካው" ትላለች። አንድ አባት ሦስት ጊዜ ጽፏል። ለልጁ የሠራህላት ጫማ እግሯ አድጎ ጠበባት፤ እንዲያው ያንኑ የመሰለ ሌላ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቃል። በሁለተኛው ላይ ልጅቱ ሌላ ጫማ አላደርግም ብላ ማልቀሷን ነገረን። በሦስተኛው ግን የጠየቀው ነገር የለም፤ ሰላምታችንን ብቻ አድርሱልን ብሎ ዘጋው። ከአሥር ዓመት በኋላ መልስ ጻፍኩለት። ምን እንደሚጻፍ ግራ ገብቶኝ አንድ ገጽ ለመሙላት ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ፎቶዎቹን አየን። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሴትዮዋ እያንዳንዱን እያጎላች ስታይ ቆይታ፣ "እዚህ ውስጥ ሁለት ሰው አለ እንዴ?" አለች። ምነው አልኳት። "ስፌቱ። እነዚህ ሰባቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ እነዚያ አሥራ ሁለቱ ወደ ግራ።" እኔም የለም፣ ብቻዬን ነኝ አልኳት። ዋሸሁ። ዓይኔን ግንባር ያርገው ብዬ ዋሸሁ። እኔ ማን እንደሆንኩ አንተ ታውቃለህ፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ ደርቋል ያለኝን ሠራተኛ በዚያው ሰዓት ያሰናበትኩ ሰው ነኝ። ሴትዮዋ አመነችኝ፤ ወይም ያመነች መሰለች።

ከዚያ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን መረጠች። ያን ጥቁሩን፣ በላዩ ማሰሪያ ያለውን፣ ለአስተማሪዋ የሠራኸውን። አንዱ እግር ከፍ ማለቱ የማይታወቅበት እሱ ነው። "ለእኔ ይህን ይሥሩልኝ" አለች። እሺ አልኩ። ምን ያቅተኛል? ከፍታውን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ከውስጥ ተረከዙ ሥር፣ ግማሹን ከታች ሶሉ ውስጥ እንደምትደብቀው፣ ከፍታ የሚሰጠውን ቡሽም እንዲቀል ከመሐል እንደምትቦረቡረው መቶ ጊዜ ሳይህ ኖሬያለሁ። ማየትና መሥራት ግን ለየቅል ነው። ሦስት ሳምንት ታገልኩ። አንዴ ቡሹ ተሰነጠቀ፤ አንዴ ደግሞ እግሯ ከጫማው ወደ ላይ አመለጠ። ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በመጨረሻ በራሴ መንገድ ሠራሁት፤ ከፍታው በሙሉ ከታች፣ ድፍን ሶል፣ ዙሪያውን በድርብ ክር የተሰፋ።

አደረገችው። ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። "ጠንካራ ነው" አለች። ዕድሜ ልክ ያገለግላል አልኩ። "እሱስ ነው" አለችና ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። "ግን ፎቶው ላይ ያለው ይህ አይደለም፣ አባቴ። እኔ የፈለግሁት ሰው መንገድ ላይ ከእግሬ በፊት ፊቴን እንዲያይ ነበር።" አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው እንዴት እንደሚመለስለት አውቃለሁ።

ያኔ ተቀመጥኩና ነገርኳት። አንተ የምታውቀውን ነው የነገርኳት፤ ለግንበኛው የሠራህለት ቀላል ጫማ ተረከዙ ደረጃ ላይ ተነቅሎ ሰውዬው ወድቆ ክንዱን መሰበሩን፤ እኔም ደንበኛ በሞላበት ሱቅ ውስጥ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እጅህ ቆዳ እንዳይነካ" ማለቴን፤ በማግስቱ ወጥተህ መቅረትህን። አንተ የማታውቀውንም ነገርኳት። በሳምንቱ ልጄን የአጎትሽን ስም ከገጹ ላይ አውጪው አልኳት። እያለቀሰች አወጣችው። "ፎቶዎቹንስ?" ስትለኝ፣ ፎቶዎቹ ይቆዩ፣ የቤቱ ሥራ ናቸው አልኳት። ሴትዮዋ ይህን ሰምታ፣ "ስሙን አጥፍተው ሥራውን ያስቀሩት ለምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለሚያምሩ ነው አልኳት።

በሰው ወርቅ አይደመቅም እያልኩ ልጅ አሳድጌያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ሰው በአንተ እጅ ተስቦ በሬን ሲያንኳኳ፣ እኔ የራሴን ሥራ አስታጥቄ ስሸኘው ኖሬያለሁ። ስንቱ ቅር ብሎት ሳይናገር እንደሄደ አላውቅም። ይህቺ ተናገረች።

ስለ ግንበኛው ዛሬም ቃሌን አልለውጥም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ መሰላል ለሚወጣ ሰው የተቦረቦረ ቡሽ አይሠራለትም፤ ያኔም ብዬህ ነበር፣ አሁንም እላለሁ። አንተ ጫማው እንዲያምር አይተህ ሰውዬውን አላየኸውም። እኔ ደግሞ ጫማው እንዲጠነክር አይቼ ሴትዮዋን አላየኋትም። የእኔ ስህተት ማንንም አልሰበረም፤ ስለዚህ ስህተት አይመስለኝም ነበር። በሰው ፊት ያልኩህ ግን ሌላ ነገር ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ወለምታ ሥራዬ ነውና ልክ መሆናቸውን አውቃለሁ። አላሸውም። እንዲሁ ጥፋቴ ነው ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ ይኸው ጻፍኩ።

ሴትዮዋ ሁለት መንገድ አለ አለችኝ፤ ወይ አሥራ ሁለቱ ፎቶዎች ይነሳሉ፣ ወይ የማን ሥራ እንደሆኑ ይጻፋል። ሦስተኛ የለም ወይ ብላት፣ "አለ፤ እንደነበረ መተው። እሱን ግን እኔ አልሠራልዎትም" ብላ ላፕቶፗን ከደነችው። እልኸኛ እልኸኛን አገኘው። በል አንሺያቸው አልኳት። አሥራ ሁለቱ ሲነሱ የቀሩትን ሰባት አየናቸው፤ የተደረደረ ጡብ ይመስላሉ። እሷ አልሳቀችም፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። ገጹ አሁን የሚያሳየው ስልኩን፣ አድራሻውን፣ ደረጃውንና እነዚያን ሰባት ጡቦች ብቻ ነው። ያንተን ያለ ፈቃድህ አልመልሳቸውም። የፈቀድክ እንደሆነ ከሥራቸው ስምህ በሙሉ ይጻፋል፤ ሥራህን የሚፈልግም በቀጥታ አንተን እንዲያገኝ አድራሻህ ይቀመጣል።

"ስለ እኛ" የሚለውንም ገጽ እንደገና ጻፍኩት። እንድታርመው እዚህ ገልብጬዋለሁ። "ይህን ቤት ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የከፈቱት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ስፌቱ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ጫማ የታላቁ ሥራ ነው፤ ወደ ግራ ያዘነበለው የታናሹ ነው። ታናሹ አሁን እዚህ የለም። የሄደው ሥራው ጎድሎ ሳይሆን ታላቁ በሰው ፊት ስላዋረደው ነው።" ሴትዮዋ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የመጨረሻው መስመር የድረ ገጽ ነገር አይደለም፣ ደንበኛ ያስደነግጣል፣ ይውጣ አለች። አይወጣም አልኳት። ያዋረድኩህ በደንበኛ ፊት ነው፤ ክብርህን የምመልሰውም በደንበኛ ፊት ነው። ይውጣ ማለት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ታገኛለህ። የሴትዮዋ የሁለቱ እግሮቿ ንድፍ ነው። ቆማም ተቀምጣም ለክቻታለሁ፣ አንተ እንደምትለካው፤ በእርሳስ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ሦስት ሦስት ጊዜ የተረጋገጡ ናቸው። ሥራዋ ከተማውን መዞር ነው፤ ድንጋይ አትሸከምም፤ ቀላሉ ይሆናታል። እስከዚያ የእኔን እያደረገች ትጠብቃለች፤ ክብደቱ ወገቧን እንደሚያማት ግን ደብቃኝ ለልጄ ነግራታለች። ልጄ እንደምትለው አንተ አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ትመዘግባለህ፤ ወስፌ ካነሳህም ዓመታት አልፈዋል። ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አልሠራም ካልክ አልቀየምህም፤ ንድፉን ብቻ መልስልኝ። የሴትዮዋ እግር በእኛ ጠብ ውስጥ የለበትም።

ለባለቤትህ አክብሮቴን አድርስልኝ፤ ከልጄ ጋር መጠያየቁን ሳታቋርጥ በመቆየቷ ከሁለታችንም ትበልጣለች። ለአማትህ ብርሃን ይብዛላቸው በልልኝ። ለትልቋ ልጅህ፣ ያኔ የቆዳ ቁራጭ እየለቀመች አሻንጉሊት ትሠራ ለነበረችው፣ እንደምን አለሽ ብሎሻል በልልኝ። ያላየሁትን ትንሹን ልጅህን ሳምልኝ፤ አጎት እንዳለው ካልነገርከው ንገረው። ልጄና ባሏ ሰላም ብለውሃል። ሴትዮዋም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ሳታውቅህ።

ይህን የጨመርኩት ፖስታ ቤት ውስጥ ነው። የቆዳ ማሳሻ ቢላህ እስካሁን በጠረጴዛህ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለግራ እጅ የተሳለ ስለሆነ ለእኔ እጅ አይሆንም፤ ለሌላም ሰው አልሰጠሁትም። ጫማውን ብትሠራ ያስፈልግሃል ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር አመጣሁት። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ምንድን ነው ብትለኝ ቢላ ነው አልኳት። ስለት በፖስታ አይላክም፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይውሰደው አለችኝ። እንደምታውቀኝ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር ተከራክሬ ሳልረታ የወጣሁበት ቀን የለም። ዛሬ ግን አልተከራከርኳትም። ልክ ነሽ ብያት ቢላውን ኪሴ ከተትኩት።

ታላቅ ወንድምህ፤
ከፖስታ ቤቱ የመጻፊያ ጠረጴዛ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ።